ስልሳ አንድ ተብሎ የተመዘገበው ሆዴ

ስሜ የሺ ነው። አገሬ ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል። ይህን የምጽፈው ሆዳቸው አላግባብ ለሚያድግ፣ ደማቸው አልቆም ላላቸው፣ ግን ለሰው መናገር ለሚያፍሩ ሴቶች ነው። እኔም እንደ እናንተ ሳፍር ልሞት ነበር። አሁን ማፈሩን ትቼዋለሁ፤ ሁሉንም በግልጽ እናገራለሁ። ይህን የሚያነብ ወንድ ካለ እሱ ይፈር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ መሠረተ ትምህርት በየቀበሌው በተጧጧፈበት ወቅት ነው። መሪጌታ ይሁኔን ካገባሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ልጅ የሚባል ነገር ግን የለም። መሪጌታ በደብሩ ቅኔ ያስተምራሉ። ንግግራቸው ጣፋጭ ነው፤ ግን ጫማቸውን ቤቱን ሁሉ ሲፈልጉ ውለው እግራቸው ላይ የሚያገኙት ሰው ናቸው። የተጋባነው በቁርባን ስለሆነ «ትፈታለች» የሚል ሐሜት አልነበረብኝም። ይልቅ የሚከብደኝ ሌላ ነበር፤ ክርስትና በተጠራሁ ቁጥር ሴቶቹ ሕፃኑን ከእቅፌ ቀስ አድርገው ይወስዱብኝ ነበር።

ቤታችን ውስጥ አማቴም አሉ። እሜቴ ነው የምላቸው። እሜቴ ደግ ናቸው፣ ሥራ ወዳድ ናቸው፣ ድምፃቸው ደግሞ ከቤታችን ተነሥቶ ጣና ዳር ይሰማል። በእኛ አገር ወግ ምራት አማቷ ባለችበት ለእንግዳ አፏን ከፍታ አትመልስም። የጠየቃት ሰው መልሱን ከአማቷ ይቀበላል። «የሺ፣ ደህና አደርሽ?» ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ ለሚጠይቀኝ ሰው እንኳ «ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። አራት ዓመት ሙሉ ደህና መሆኔን የምሰማው ከእሳቸው ነው።

ሕመሙ ሲጀምረኝ የወር አበባዬ ረዘመ። ሦስት ቀን የነበረው ስምንት ሆነ፣ ስምንት የነበረው አሥራ ሁለት። ከእምብርቴ በታች ድንጋይ ያስቀመጡብኝ ያህል ይከብደኛል፤ ውሃ ሽንት በየሰዓቱ ያስነሣኛል። ጎረቤታችን «ኮሶ ነው» አለችኝና ኮሶ ጠጣሁ። ኮሶው አንጀቴን አጥቦ፣ ሆዴን ግን እንደነበረ ትቶት ሄደ። ቀጥሎ ጣራ ገዳም ሰባት ቀን ልጠመቅ ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን ደሙ መጣብኝ፤ ደም ያለባት ሴት ደግሞ ወደ ቅጥሩ አትገባም። ለማንም ሳልናገር ሾልኬ ተመለስሁ። ለእሜቴ «ቅዝቃዜው በረታብኝ» አልኋቸው።

ታኅሣሥ ላይ እሜቴ እህል ስናበጥር ድንገት ቆም ብለው ሆዴን አዩት። ምንም አልጠየቁኝም። ሰፌዱን ጣሉና እልል አሉ! ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። «አራት ወር ይሆናታል» ብለው በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሴቶቹም አብረው ቆጠሩ። እዚያው ለሰኔ ሚካኤል የጃንጥላ ስለት ተሳሉ። እኔ መሀል ቆሜ ዝም አልሁ።

ለምን ዝም አልሽ ትሉኛላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሰሮ ሳነሣ ሁለት ሰው ይቀማኛል። የሥጋው ጥሩ ጥሩው ለእኔ ይቀርባል። ክርስትና ስንሄድ ሕፃኑን አምጥተው እላዬ ላይ ያስቀምጡታል። ደሙስ? ደሙ ይመጣል፤ ግን «ምናልባት እንዲህ ያለ እርግዝናም ይኖራል» እያልሁ ራሴን አታለልሁ። ሰው ሲፈልግ ራሱን ለማታለል ስንፍና የለበትም!

ጥር ላይ እሜቴ «በመንግሥት ቤትም ትመዝገብ» ብለው ወረታ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዱኝ። መዝጋቢው አቶ ደሴ ይባላሉ፤ ጽሕፈታቸው የታተመ የሚመስል፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። እኔን እያዩ ጠየቁ፤ እሜቴ መለሱ።

«ስምሽ?»

«የሺ ትባላለች።»

«ዕድሜ?»

«ሃያ አራት።»

«ምን አመመሽ?»

«ኧረ ምንም አላመማት! እርጉዝ ናት። አምስት ወሯ።»

«የወር አበባሽ መቼ ቆመ?»

«ነሐሴ ላይ» አሉ እሜቴ፣ ቆጥረው እንዳስቀመጡት ሁሉ። እኔ በዚያች ሰዓት ጨርቅ በሦስት እጥፍ ታጥቄ ነው የቆምሁት። አቶ ደሴ ካርዱ ጥግ ላይ አንድ ቁጥር ጻፉና አከበቡት። ያን ጊዜ ቁጥሩ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ለካ እያንዳንዱ በሽታ መለያ ቁጥር አለው፤ በወሩ መጨረሻ ስንት ሰው በምን ታመመ ተብሎ ወደ አውራጃው ሪፖርት የሚላከው በዚያ ነው።

ውስጥ ስንገባ ነርሷ ለሥልጠና ሄዳ አልነበረችም። ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ብቻ ነበር። «ይተኙና ሆድዎን ልዳስስ» አለኝ በትሕትና። እሜቴ መሀል ገቡ።

«የመሪጌታን ሚስት? ወንድ? ምን ቆርጦህ!»

ድሬሰሩ እጁን ሰበሰበ። ደም የሚተኩ ቀያይ ክኒኖች ሰጠን። ጥፋቱን በሐኪም ቤቱ አላላክክም፤ ሊዳስሰኝ የፈለገውን ሰው እጁን የያዝነው እኛ ነን። ከዚያ በኋላ በየወሩ ስሄድ ካርዱን ያያሉ፣ እሜቴን ይጠይቃሉ፣ ክኒን ይሰጣሉ። ካርዱ ላይ ከተጻፈ በኋላ ሆዴን የሚጠይቀው ጠፋ።

በዚያው ሰሞን መሠረተ ትምህርት ዋርካው ሥር ተከፈተ። እኔና እሜቴ አብረን ተመዘገብን። እሜቴ «ሀ»ን አልፈው «ለ» ላይ ሲደርሱ «ዓይኔን አደከመኝ» ብለው ቀሩ። እኔ ግን ሆዳም ሆንሁ። የክብሪት ቀፎ፣ የሳሙና ወረቀት፣ የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነብባለሁ። ሩዝ ያን ጊዜ ለአገራችን ገና እንግዳ ነበር፤ ስለ ሩዝ አዘራር የሚናገር ወረቀት ማኅበሩ በር ላይ ሲለጠፍ ቆሜ ከላይ እስከ ታች ጨረስሁት፤ ሩዝ ግን አልዘራሁም። መሪጌታ «ይህች ሴት ግድግዳ ካገኘች ግድግዳም ታነብባለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ግንቦት አለቀ። ልጅ የለም። ሰኔ ገባ፤ በእሜቴ ቁጥር አሥረኛው ወር መሆኑ ነው። ሴቶቹ መተያየት ጀመሩ። እሜቴ ግን ወይ ፍንክች!

«የመሪጌታ ልጅ አይደል? ዳዊት ደግሞ ነው የሚወጣው» አሉ። «አሁን መቶው መዝሙር ላይ ደርሷል። አትቸኩሉበት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ግን ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ይመላለስብኝ ነበር። ከንፈሬ ነጭ ሆኗል፤ ደጅ ደርሼ ስመለስ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ትደርሳለች። እንደምሞት ገባኝ። ብናገር እናቱ የምሆነው ልጅ ይሞታል፤ ዝም ብል እኔ እሞታለሁ። እንዲህ ነበር የተያዝሁት። የሌለውን ልጅ እንኳ መቅበር ከበደኝ።

ሰኔ አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት፣ ሕዝቡ ሁሉ ታቦቱን ሊያነግሥ ገባ። እኔ ደሙ ስላለብኝ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤ «ሰው ብዛት አይሆናትም» ብለው እሜቴ አስረድተውልኛል። ከበሮው ሲመታ እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር የለም። ስነቃ ጭቃው ላይ ተጋድሜ እሜቴ «ምጥ ነው! ምጧ ነው!» ይላሉ።

በማግሥቱ በበቅሎ ወደ ወረታ ሄድን። ዋልካው በቅሎዋን እስከ ጉልበቷ ይውጣት ነበር። ጤና ጣቢያው ሰው በሰው ሆኖ ጠበቀን። እሜቴ አግዳሚው ላይ አስቀምጠውኝ በቅሎዋን ሊያስሩ ወጡ፤ ከአዲስ ዘመን ገበያ የሚያውቋቸውን ሴት አግኝተው እዚያው ወሬ ያዙ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ፊት ለፊቴ ደግሞ ግድግዳ አለ።

ግድግዳው ላይ በአቶ ደሴ እጅ የተጻፈ ረጅም ወረቀት ተለጥፏል። ማንበብ ጀመርሁ። የወባ ቁጥር፣ የተቅማጥ ቁጥር፣ የዓይን ማዝ ቁጥር። በእጄ የያዝሁትን ካርዴን አየሁት፤ የተከበበው ቁጥር ስልሳ አንድ ነው። በጣቴ ወርጄ ስልሳ አንድን አገኘሁት፤ «እርግዝና» ይላል። ዓይኔን ላነሣ ስል ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ሌላ አየሁ። ስልሳ ሦስት። ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ ፊደል በፊደል ለቀምሁት። «ከ - እር - ግ - ዝ - ና ው - ጭ የ - ሆ - ነ የ - ማ - ሕ - ፀ - ን ማ - ደ - ግ።»

ደግሜ አነበብሁት። ሦስተኛም አነበብሁት። በዓለም ላይ ይህ ነገር የደረሰባት እኔ ብቻ ነበር የሚመስለኝ፤ እርግማን፣ የሰው ዓይን፣ ኃጢአቴ፣ ብቻ ስም የሌለው ነገር ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ ለደረሰ ነገር ግን ማን ቁጥር ያወጣለታል? ሴቶች መጥተዋል ማለት ነው፤ ብዙ ሴቶች። አቶ ደሴ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው መስመር እስኪያሰምሩላቸው ድረስ መጥተዋል። እዚያው አግዳሚው ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ «አይዞሽ ልጄ፣ ወባ ይድናል» አለኝ።

«የሺ!» ተብሎ ተጠራ። ነርሷ ከሥልጠና ተመልሳለች፤ ሲስተር አስካለ ትባላለች፣ ወጣት ናት፣ ቆጣ ቆጣ የምትል። እሜቴ እየሮጡ ደረሱ።

«አሥር ወሯ ነው፣ የኔ እመቤት። ትናንት ምጥ ጀምሯት ...»

«እሜቴ» አልሁ።

ድምፄን ራሴው አላወቅሁትም። እሜቴ ዞር ብለው ማን እንደተናገረ ፈለጉ።

«እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደሜ አንድ ወር እንኳ ቆሞ አያውቅም። አሁንም እየፈሰሰኝ ነው። ትናንትም የወደቅሁት ለዚያ ነው። ስልሳ አንድ አይደለሁም፤ ስልሳ ሦስት ነኝ።»

እሜቴ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ዘግተሽ ልትሞችብኝ ነበር?» አሉና ማልቀስ ጀመሩ።

«እናቴ፣ እርስዎ መች ተራ ሰጧት?» አለች ሲስተር አስካለ፣ እጇን እየታጠበች።

አስተኝታ ዳሰሰችኝ። በዚያች ሆድ ላይ የሐኪም እጅ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነው። የእንጨት ቱቦዋን ሆዴ ላይ ተክላ ጆሮዋን ጣል አድርጋ እዚህም እዚያም አዳመጠች። «ምንም የልብ ምት የለም» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የማሕፀን ግድግዳ ላይ ሥጋ እየጎነቆለ ያድጋል፤ ማዮማ ይሉታል። ማሕፀኑም አብሮ ያድጋል፣ ደምም ያበዛል። ብዙውን ጊዜ ክፉ ዕጢ አይደለም። የሰው ዓይንም አይደለም። በቀዶ ጥገና ይወጣል።

ካርዴን ስታነሣ «ይቀደድልኝ» አልኋት፤ አፍሬበት ነው። «ካርድ አይቀደድም» አለች። «ስሕተቱም ይታይ፣ እርማቱም ይታይ።» ስልሳ አንድ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አሰመረች፤ ከጎኑ ስልሳ ሦስት ብላ ጻፈችና ፈረመች። «ይሄ ሳይታረም ጎንደር ብትደርሺ ኖሮ ወላዶች ክፍል አስገብተው ምጡ እስኪመጣ ጠብቂ ይሉሽ ነበር። የማይመጣ ምጥ ስትጠብቂ ደምሽ ያልቃል።» ከዚያ ሁሉን ጻፈች፤ ማሕፀኑ የስድስት ወር እርግዝና እንደሚያህል፣ ጠጣርና ጎርባጣ እንደሆነ፣ ደሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ያህል እንደነጣሁ። እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ እየነገረችኝ «ልክ ነው?» ትለኛለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እኔ ልክ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«ዕድሜዬ ልክ አይደለም» አልሁ። «ሃያ ስድስት ነኝ።»

እሜቴ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ቀና አሉ። «ሃያ ስድስት? ቤተሰቦችሽ ለልጄ ሲድሩሽ እንዲህ አላሉኝም!»

ቤት ስንደርስ መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን አቋርጠው ወጡ። እሜቴ እኔን ገና ከበቅሎዋ ሳያወርዱ ያለቅሳሉ፤ መሪጌታ ግራ ገባቸው። እኔው ነገርኋቸው። ቆመው ሰሙኝ። ከዚያ «ልጅ ባይሰጠኝ አንቺን ሰጥቶኛል። ልጅ ፈልጌ አንቺን አልቀብርም» አሉኝ። እንዲያ ሲሉኝ እንዴት እንደወደድኋቸው!

ጎንደር ለመሄድ ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ሊቀ መንበሩ «ለወሊድ ጉዳይ» ብሎ ጀምሯል።

«ለወሊድ አይደለም» አልሁት። «የማሕፀን ማበጥ ብለህ ጻፍ።»

«ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ? ማሕፀን?» ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ለሆድ ሕመም ልበለው።»

«ፈሪ! ጻፍ እንደተባልኸው። በወረቀት ነው እስካሁን የተሰቃየሁት።»

ጻፈው፤ ሲያትመው ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ጎንደር ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ካርዴን አገላብጦ አነበበ። የተሰረዘውንም አነበበ፣ የታረመውንም አነበበ። «ይህን የጻፈች እጇ ይባረክ» አለ፤ በዚያው ቀን አስተኛኝ። ደም ያስፈልጋል ሲባል የመሪጌታ ተማሪዎች ስድስት ሆነው መጡ። ሁለቱ መርፌውን ሲያዩ ወደቁ፤ እነሱን ለማንሣት ጥድፊያ ሆነ። እስከ ዛሬ ድረስ የቅኔ ተማሪ ደም አለብኝ፤ ነገር የምቋጥረው ለዚያ ይሆናል።

ሐኪሙ አልዋሸኝም። «ዕጢዎቹን ለይቼ ማሕፀንሽን ለመተው እሞክራለሁ። ደሙ እምቢ ካለ ግን ማሕፀኑን አወጣለሁ። ፈቅደሽ ፈርሚ» አለኝ። እዚህ ላይ ጨነቀኝ። እሜቴ ውጭ ናቸው፤ የሚመልስልኝ የለም። ቀለሙን ለአውራ ጣቴ አቀረቡልኝ። «ስሜን እጽፋለሁ» አልሁ። «የ» እና «ሺ»፤ ሁለት ፊደል ናቸው፣ ግን ብዙ ቆየሁባቸው። በሕይወቴ የመጀመሪያው ፊርማዬ ነው።

ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት የመሪጌታን ጢም ነው። «ማሕፀንሽ አለ» አሉኝ፤ ዳዊታቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሦስት ዕጢ ነበር የወጣው፤ ትልቁ ትርንጎ ያክላል። እሜቴ «ካላየሁ አላምንም» ብለው ሲስተሮቹን ስላስቸገሩ በሳሕን አሳዩዋቸው። ዙሪያውን አዩት፣ ጎንበስ ብለው አዩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ነው ዳዊት ሲደግም የከረመው?»

አይ ሳቅ! ስፌቴን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅሁ። አጠገቤ የተኙት ሴቶች ሁሉ ሳቁ፤ የክፍሉ ነርስ መጥታ እሜቴን አስወጣቻቸው። እሜቴ የተሳሉትን ጃንጥላም አልተዉትም። በኋላ ለሚካኤል ሲያስገቡ ጎረቤት «ስለቱ ለልጅ አልነበረም?» ብላ ብትጠይቃቸው «አዎ፤ ይችው ልጄ ድና ቆማ የለም?» አሏት። ይህን ስሰማ ከጓሮ ሄጄ አለቀስሁ።

እናንተ እኅቶቼ፣ ደማችሁ ሲበዛ ተናገሩ። ስትጠየቁ ሌላ ሰው አይመልስላችሁ። ካርዳችሁ ላይ የተጻፈውን አስነብቡ፤ ልክ ካልሆነ ልክ አይደለም በሉ። ሐኪምም ሰው ነው፤ የሚጽፈው የነገራችሁትን ነው።

ሁለት ዓመት አልፎ እንደገና ከእሜቴ ጋር ወረታ ሄድን። አግዳሚው ያው ነው፤ ግድግዳው ላይ ያው ወረቀት አለ፣ ጥጉን አይጥ በልታዋለች። አቶ ደሴ ካርዴን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ምን አመመሽ?»

እሜቴ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ነጠላቸውን ጠቅልለው አፋቸው ላይ ጫኑትና በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ምንም አላመመኝም» አልሁ። «ግን ገና አይጻፉ። መጀመሪያ ሲስተር ይዳስሱኝ።»

ሲስተር አስካለ ዳሰሰችኝ፤ ቱቦዋን ሆዴ ላይ ተክላ አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ እሜቴን በእጇ ጠራቻቸው። እሜቴ ተንበርክከው ጆሯቸውን ቱቦው ላይ አደረጉ። ሲነሡ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ እልልታው ጉሮሯቸው ላይ ደርሷል፤ ግን አፋቸውን በእጃቸው እንደያዙ እኔን ጠበቁኝ።

ወደ አቶ ደሴ ሄድሁ።

«ስልሳ አንድ» አልሁ። «አሁን ይጻፉት።»